የለቀቁትንም ጠይቁ

ግልጽ ደብዳቤ

በድሬዳዋ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ለሚመለከተው ቢሮ፣ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች፣ እንዲሁም ለከዚራ ቡና ጠጪዎች

ጤና ይስጥልኝ።

ከዚራ ውስጥ አንድ ካፌ አለ። የምጽፈው እዚያ ሠርተው ስለለቀቁ ሠራተኞች ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም። ሰው ማዋረድ አልፈልግም፤ ደግሞም የምናገረው የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እዚያ ቤት 2 ዓመት ከ4 ወር ሠርቻለሁ። መጀመሪያ አስተናጋጅ ነበርኩ፣ በኋላ ማሽን ላይ ቆምኩ። ከለቀቅኩ በኋላም እግሬ አልቀረም። አባዬ ሌላ ቦታ ቡና አይጠጣምና አሁን ደንበኛ ሆኜ ከእሱ ጋር እመጣለሁ። ቤቱን ከባንኮኒው በዚያኛውም በዚህኛውም በኩል አውቀዋለሁ።

አባዬ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከዛፉ ሥር ያለችውን ጠረጴዛ ካላገኘ ቀኑ አይቀናውም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ድሬም አብራ ተቆረቆረች፤ ወጣ ብሎ ካፌ መቀመጥም የዚያው የባቡር ሰፈር ልማድ ነው ይላል። የሚጠጣው ጥቁር ቡና ነው። ግማሽ ማንኪያ ስኳር፣ አጠገቡ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ። ይህን ሳይናገር የምታመጣለትን ልጅ እንደ ልጁ ነው የሚያያት። ባለፈው ሰሞን ስኒውን አስቀመጠና «ልጄ፣ ይሄ ቤት ምን ነካው? አንዷን ለምጄ ሳልጨርስ ሌላ ትመጣለች። ቡናዬን የሚያውቅ ሰው ጠፋ» አለኝ።

መልሱን አውቀው ነበር። አዲሷ ልጅ ትሪዋን ይዛ አጠገባችን ቆማ ስለነበር ግን ዝም አልኩ። ማታ ቤት ገብተን ሁሉንም ነገርኩት። ጻፊው ያለኝ እሱ ነው።

ስለዚህ ካፌ ሰፈሩ ውስጥ ሁለት ዓይነት ወሬ አለ። አንዱ የደንበኛ ነው፣ ሌላው የለቀቁ ሠራተኞች። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው አያውቁም።

ከደንበኛው ልጀምር። ቡናውን የማያመሰግን የለም። ከሳቢያን በባጃጅ የሚመጣ ሰው አውቃለሁ። ምስጋናው ደግሞ ይገባል። የሐረር ቡና ቀዩ ፍሬ ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ ነው የሚደርቀው፤ አይታጠብም። ጀንፈል የምንለው እሱ ነው። ሲቆላ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚሸተውም ለዚህ ነው። የቤቱ ባለቤት ቡናቸውን ራሳቸው መርጠው ይገዛሉ፣ በሳምንት ሁለቴ እዚያው ጓሮ ያስቆላሉ። የተቆላ ቡና አቆይተው አይሸጡም። በዚህ ማንም አይማቸውም፤ እኔም አላማቸውም።

ወሬው ወደ መስተንግዶ ሲዞር ግን ይለወጣል። ማኪያቶው ቀዝቅዞ መጣ። መልስ ረሱብኝ። ስፕሪስ ብዬ ሻይ አመጡልኝ። ፊታቸው አይፈታም። አንዲት እናት አባዬ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው «የዛሬ ልጆች ሥራ አይወዱም» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ እዚያ በነበርኩ ጊዜ ደግሞ አንድ የቀን ተቀን ደንበኛ ወደ ካሸሩ ዞሮ «አቦ ይቺን ልጅ ቀይሩልን!» አለ። ቡናው ስለዘገየ ነው። ነገሩን ወዲያው የረሳው ይመስለኛል። ልጅቷ ግን በሳምንቱ አልነበረችም።

አሁን ወደ ለቀቁት ልምጣ። ይህን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት 7 ልጆችን ፈልጌ አነጋግሬያለሁ። አንዳንዶቹ መጋላ፣ አንዳንዶቹ ለገሃሬና ገንደ ቆሬ ነው የሚኖሩት። አምስቱ ሴቶች ናቸው። ሁሉም አስቀድመው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ደብተሩ አሁንም አለ?»

ደብተሩ ሰማያዊ ሽፋን ያለው የተማሪ ደብተር ነው። ካሸሩ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። በእያንዳንዳችን ስም አንድ አንድ ገጽ አለው። የተሰበረ፣ የጎደለ፣ የዘገየ ሁሉ እዚያ ይጻፋል። ስለ አንድ እሑድ ልንገራችሁ። ቤቱ ጢም ብሏል። በትሪ አራት ማኪያቶና ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይዤ ስዞር አንድ ሕፃን በእግሬ መሀል ሮጠ። ትሪውን ይዤ ቀረሁ፤ አንድ ብርጭቆና አንድ ስኒ ግን ከነማስቀመጫው ወደቁ። የሕፃኑ እናት ደንግጣ «አይዞሽ፣ እኔ እከፍላለሁ» አለች። ካሸሩ ፈገግ ብሎ «ችግር የለም፣ ቤታችሁ ነው» አላት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መሳቢያውን ሲከፍት አየሁት።

የዚያ ወር ገጼ እንዲህ ይላል። ብርጭቆ 80 ብር። ስኒ 120 ብር። ሳይከፍል የሄደ ደንበኛ 210 ብር። ሁለት ቀን ማርፈድ 100 ብር። ድምር 510 ብር። ደመወዜ 1,200 ብር ነበር። በእጄ የገባው 690 ብር ነው።

ያኔ ሕጉን አላውቅም ነበር። አሁን አንብቤዋለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው አሠሪ ከደመወዝ መቁረጥ የሚችለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሲኖር፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያኔም ቢሆን የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ አይችልም። የኔ አንድ ሦስተኛ 400 ብር ነው። የፈረምኩት ወረቀትም የለም። ሰማያዊው ደብተር ላይ የማንም ፊርማ የለም።

ደንበኛ ሳይከፍል ሲሄድ የምትከፍለው አስተናጋጇ መሆኗን ስንቶቻችሁ ታውቁ ነበር? አባዬ አያውቅም ነበር። አንድ ቀን ስልክ ተደውሎለት ተነስቶ እንደሄደና በማግስቱ እንደከፈለ ትዝ አለው። ያን ማታ ልጅቷ ከኪሷ ሞልታ እንደነበር ስነግረው ለረጅም ጊዜ አልተናገረም።

ቲፕም አለ። ጠረጴዛ ላይ የምትተዉት ሁሉ ካሸሩ አጠገብ ካለች ሳጥን ይገባል። በወሩ መጨረሻ ይከፋፈላል ተብሎ ነው። መጀመሪያ ግን የቀኑ ሂሳብ ጉድለት ከእሱ ይሞላል፤ የተረፈው ነው ለእኛ። የተረፈበትን ወር በጣቶቼ መቁጠር እችላለሁ።

ሰዓቱ ደግሞ አለ። ቤቱ ጠዋት 12 ሰዓት ይከፈታል፣ ማታ 3 ሰዓት ይዘጋል። ሁለት ሺፍት ነው፤ በወረቀት። አንዷ ስትለቅ ወይም ስትታመም ሌላዋ ሁለቱንም ትይዛለች። 15 ሰዓት ማለት ነው። አዋጁ መደበኛውን ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎታል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዲበልጥ አይፈቅድም። ክፍያውም እስከ ማታ 4 ሰዓት ድረስ ላለው የመደበኛው አንድ ተኩል ነው። በሳምንቱ እረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በበዓል ቀን ሁለት ተኩል። እኔ እዚያ ቤት ፋሲካንም መውሊድንም ሠርቻለሁ። ሁለት ተኩል የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ሙቀቱን የድሬ ሰው ስለሆናችሁ ላስረዳችሁ አያስፈልግም። ሰኔ ላይ ከባንኮኒው ጀርባ መቆም ግን ሌላ ነው። ቬንትሌተሮቹ ሦስቱም ወደ ደንበኛው ዞረዋል። ማሽኑ ከፊትህ እንፋሎት ይለቃል፣ ፍሪጁ ከጀርባህ ይግላል። ልብስ ከጀርባ ጋር ይጣበቃል። ወተት ስታፈላ ላብህ እንዳይገባ አንገትህን ወደ ጎን ትሰብራለህ። በዚያ ሰዓት ፊቴ አልፈታም ብሎኝ ከሆነ፣ ያስተናገድኳችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ።

የለቀቁት የነገሩኝ ከዚህም ይከብዳል። አንዷ እርጉዝ ነበረች። «እስክትወልጂ እረፊ፣ ቦታሽ አለ» ተባለች። ወልዳ ስትመለስ ቦታዋ ላይ ሌላ ልጅ አገኘች። ለወራቱም አልተከፈላትም። ሕጉ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን እረፍት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣታል። ሌላዋን አንድ ደንበኛ ሂሳብ በሰጣት ቁጥር እጇን ይዞ አይለቅም ነበር። ለካፌው ባለቤት ተናገረች። «ደንበኛ ነው፣ ቻይው» ነው የተባለችው። ቻለች፣ ቻለች፣ አንድ ቀን ሽርጧን ፈትታ ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ዕቃ አጣቢ የነበረው ልጅ እጆቹን አሳየኝ። በረኪናው ጣቶቹን ላጥ ላጥ አድርጎታል። ጓንት ሲጠይቅ ራስህ ግዛ ተብሏል።

ሁላችንንም የሚያገናኘን ግን መያዣው ነው። ስትቀጠሪ ዋስ ትጠሪያለሽ። የመጀመሪያ ወር ደመወዝሽ ደግሞ መያዣ ተብሎ ይቀራል። ስትለቂ ይሰጥሻል ይባላል። ካነጋገርኳቸው ሰባቱ አግኝቶ የወጣ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አጎቱን ይዞ ሦስቴ ተመላልሶ። የሥራ ልምድ ወረቀት የጠየቀችው ልጅ «መጀመሪያ በቦታሽ ሰው አምጪ» ተብላለች።

ሕጉ እዚህም ግልጽ ነው። የሥራ ውል ሲቋረጥ ደመወዝና ተያያዥ ክፍያ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ከዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ጨምሮ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል። የሥራ ልምድ ወረቀትም ሠራተኛው ሲጠይቅ በነፃ ይሰጣል። ግን አንድ ነገር እናቶችና አባቶች ሁሉ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ 6 ወር ካለፈው በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ይባላል ማለት ነው። «ነገ ነይ፣ ሰኞ ነይ» እየተባለ 6 ወር ሳይታወቅ ያልፋል። እኔን ጨምሮ አራታችን ያለፈን እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ካፌው ባለቤትም እውነቱን ልናገር። ክፉ ሰው አይደሉም። ያለ ምንም ልምድ የቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ማሽኑን ያስተማሩኝም ራሳቸው ናቸው። ቡናው ሲወርድ እንደ ማር ክር መሆን አለበት፣ ከፈጠነ ወፍጮውን አጥብቂ ይሉኝ ነበር። ወተቱን በዓይን ሳይሆን በጆሮ ጠብቂው፣ ሲጮህ አየር በዝቶበታል። ዛሬም የትም ቤት ብገባ የወተቱን ድምፅ እሰማለሁ። እናቴ የታመመች ጊዜ 500 ብር ከኪሳቸው አውጥተው ሰጥተውኛል። ደብተሩ ላይ አላስጻፉትም።

ጭንቀታቸውንም አይቻለሁ። ኪራዩ በየጊዜው ይጨምራል። ወተትና ስኳር ዛሬ የተገዛበት ዋጋ ነገ የለም። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፣ ሰው ተነስቶ ይሄዳል፣ የጄኔሬተር ነዳጅ ደግሞ ሌላ ዕዳ ነው። ብቻ ይህ ሁሉ ሲጨንቃቸው የሚጨምቁት ከታች ያለውን ነው። እዚያ ደግሞ ያለነው እኛ ነን። ለግሉ ዘርፍ የዝቅተኛ ደመወዝ ጉዳይ አዋጁ ለሚቋቋም የደመወዝ ቦርድ ነው የተወው። እስከዚያ 1,200 የተባለ ሰው ወይ እሺ ይላል ወይ ይሄዳል። ከዚያ ላይ 510 ከተቆረጠ ግን መሄድ ነው የሚቀረው።

ደግሞ እሳቸውም አላተረፉም። አዲስ የመጣች ልጅ ማሽን እስክትለምድ ስንት ሊትር ወተት እንደሚደፋ እኔ አውቃለሁ፤ እኔም ደፍቻለሁ። በድሬ አንድ አስተናጋጅ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ትዕዛዝ ትቀበላለች። የማን ቡና ስንት ስኳር እንደሆነ፣ ማን ስፕሪስ እንደሚወድ፣ ማን ከበርጫ በፊት፣ ማን ከበርጫ በኋላ እንደሚመጣ በቃሏ ትይዛለች። ያ ዕውቀት የትም አልተጻፈም። ልጅቷ ስትወጣ አብሯት ይወጣል። አባዬ «ቡናዬን የሚያውቅ ጠፋ» ያለው እሱን ነው። የቀዘቀዘው ማኪያቶና የተረሳው መልስም የመጡት ከዚያው ነው። በሁለተኛ ሳምንቷ፣ በ13ኛ ሰዓቷ ላይ ያለች ልጅ ናት ያመጣችላችሁ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ልግባ።

እዚያ ስሠራ አንድ ቀን ከአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሰዎች መጡ። ጠዋት 4 ሰዓት ነበር። መምጣታቸው ከዋዜማው ተሰምቷል። አዲስ ሽርጥ ለብሰናል። የካፌው ባለቤት ባሉበት ተደርድረን «ችግር አለባችሁ?» ተባልን። በአንድ ድምፅ «የለም» አልን። እኔም «የለም» ብያለሁ። ዋሴ የአባዬ ጓደኛ ነበር፣ የአንድ ወር ደመወዜም እዚያው ተይዟል። ምን ልል እችል ነበር? የመጡት ሰዎች ላይ አልፈርድም። የሰሙትን ጻፉ።

አዋጁ ግን ለተቆጣጣሪ ከዚህ የሰፋ በር ከፍቶለታል። በሥራ ሰዓት ያለ ማስጠንቀቂያ መግባት ይችላል። ማንኛውንም ሰው ለብቻው መጠየቅ ይችላል። መዝገብና ሰነድ ማየት፣ መቅዳትም ይችላል። ስለዚህ እባካችሁ ጠዋት 4 ሰዓት ብቻ አትምጡ። ማታ 2 ሰዓት ኑ፣ ጠዋት የከፈተችው ልጅ አሁንም ቆማ እንደሆነ እዩ። ጓሮ ውሰዷትና ለብቻዋ አነጋግሯት። የደመወዝ መዝገቡን ስታዩ መሳቢያ ውስጥ ያለውን ሰማያዊ ደብተርም ጠይቁ።

ከሁሉ በላይ የለቀቁትን ጠይቁ። ሥራ ላይ ያለች ልጅ የምታጣው ነገር አላት፣ እውነቱን በሙሉ አትነግራችሁም። የወጣችው ትነግራችኋለች። ስማችን በደመወዝ መዝገቡ ላይ አለ። ከአንድ አነስተኛ ካፌ በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ሰው እንደገባና እንደወጣ መቁጠር ብቻ ራሱ ብዙ ይነግራችኋል። ከወጡት ሁለት ሦስቱን ጠርቶ መያዣችሁ ተመልሷል ወይ፣ የሥራ ልምድ ተሰጥቷችኋል ወይ ማለት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህ የምርመራው አንድ ክፍል እንዲሆን እለምናለሁ።

ሌላም አለ። ነጋዴ ዋጋውን በሚታይ ቦታ መለጠፍ አለበት፤ የማኪያቶ ዋጋ ግድግዳው ላይ የምናነበው ለዚህ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ ደግሞ የሥራ ሰዓቱ፣ የእረፍት ቀኑና ከደመወዝ ምን ሊቆረጥ እንደሚችል የሚናገር አንድ ወረቀት ይለጠፍ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ። የ6 ወሩ ይርጋም ከታቹ ይጻፍ። እኔ በገባሁ ቀን ያቺን ወረቀት አንብቤያት ቢሆን ኖሮ 510 ብር ሲቆረጥብኝ ዝም አልልም ነበር።

ከዚራዎች፣ እናንተንም ትንሽ ላስቸግራችሁ። ቲፕ ስትሰጡ በእጇ ስጧት። ከመነሳታችሁ በፊት ሂሳብ መክፈላችሁን አስታውሱ፤ ብትረሱም ተመለሱ። ቅር ያላችሁ ነገር ካለ ለራሷ ንገሯት፣ አንዴ ታስተካክለዋለች። «ቀይሩልን» የምትለዋ ቃል ግን ከአፋችሁ አትውጣ። ካፌውን ተዉት እያልኩም አይደለም። እናንተ ከቀራችሁ መጀመሪያ የሚባረሩት እነዚሁ ልጆች ናቸው። አባዬም አይቀርም። ባለፈው አርብ አዲሷን ልጅ ስሟን ጠየቃት፣ ከየት እንደመጣችም። ሦስት ወሯ ሆኗታል። ግማሽ ማንኪያ ስኳሩን ይዛዋለች፣ ውሃውን ገና ትረሳለች።

ለቢሮው፦ የደብተሩን ሁለት ገጽ ከመልቀቄ በፊት በስልኬ ፎቶ አንስቻለሁ። አንዱ የራሴ ነው። ሌላው የወለደችው ልጅ ነው፤ እሷም ፈቅዳልኛለች። ካነጋገርኳቸው 7 ልጆች አምስቱ በአካል ቀርበው ለመናገር ተስማምተዋል። ሦስቱ ሥራ ላይ ስለሆኑ ከ10 ሰዓት በኋላ ቢሆን ይመቻቸዋል። የካፌውን ስምና አድራሻ ለእናንተ በቃል እናገራለሁ። የምትቀጥሩልኝን ቀን ብቻ ንገሩኝ።

ከአክብሮት ጋር

የቀድሞ አስተናጋጅ፣ የአሁን ደንበኛ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ